ወገብ የደረሰ ሣር

አንድ ሰው ነበረ፤ አንዲት ላም፣ አንዲት የልጅ ልጅና አንድ ቁራጭ መስክ ነበሩት።

እንዳላማው፣ ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። ከወንድምህ ጋር ለመታረቅ አሁን ልሂድ ወይስ ሰብሉ ገብቶ፣ ሙክት ታርዶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ አገር እያየ ይሁን ብለህ ነው የጠየቅከኝ። በቀጥታ ብመልስልህ ትከራከረኛለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ስለ ሣር ባወራህ ግን የምትከራከርበት ነገር የለህም። ስለዚህ ተቀመጥና የሣሩን ስማ።

ይህ ሰው ገበሬ ነው። ሀብታም አይደለም፤ ችግረኛም አልነበረም፤ ጢሙ ገና መሸበት የጀመረ ሰው ነው። የወለዳት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረችው። ልጁ ተድራ ከሄደች በዓመቷ፣ እንደ አገሩ ልማድ የበኩር ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፤ ወንዙ ሞልቶ ሰው አያሻግርም። ወለደችና በሦስተኛው ቀን አረፈች። የተወለደችው ሴት ነበረች። አያትየው ምትኬ ብሎ ስም አወጣላት። የልጅቱ አባት ሐዘኑን ተቀምጦ ሲያበቃ ሕፃኗን ለአያቶቿ ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በመንደሩ የምታጠባ ሴት ብትፈለግ አልተገኘችም። የተገኘችው ዳልቼ ናት። ዳልቼ የሰውየው ላም ናት፤ ምትኬ ከመወለዷ ሁለት ሳምንት ቀድማ ወልዳ ነበር። ሚስትየው ወተቱን ታፈላና በውኃ ታቀጥነዋለች፤ ከዚያ በንጹሕ ጥጥ እየነከረች በሕፃኗ አፍ ጠብ ታደርጋለች። እንዲህ እያለች ምትኬ ዳነች። ባልና ሚስቱ ልጃቸውን በቀበሩበት ወር እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑበት ነገር ያገኙት በዚህች ላም ነው።

እንግዲህ ልብ በል። ያ ቤት የቆመው በአንዲት ላም ጡት ላይ ነው። ዳልቼ ከታለበች ልጅቱ እቤቷ ታድጋለች። ዳልቼ ከነጠፈች ግን ያንን በጋ የሚያሻግር ሌላ ነገር እቤት ውስጥ አልነበረም። ሰውየውም ይህን ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ከጋጣው ስትወጣ ፊቷን አያይም፤ መጀመሪያ የሚያየው የያዘችውን የወተት ቅል ነው። ቅሉ እስከ አንገቱ ሞልቶ ከሆነ እፎይ ብሎ ሞፈሩን ይይዛል።

ከወንዙ ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ልጅ አልወለደችም። ከተማ ዳር ባለ የወተት ላሞች እርባታ ብዙ ዓመት ሠርታ፣ በመጨረሻ ወደ አባቷ መሬት የተመለሰች ሴት ናት። አልፋልፋ የሚባለውን የከብት መኖ ወደዚያ መንደር ያመጣችው እሷ ናት። ማገጥ የሚባለውን የሜዳ ሣር ታውቃለህ አይደል? ቅጠሉ እንደ ማገጥ ሦስት ሦስት ነው፤ አበባው ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ሲታጨድ ደግሞ እንደ ጎመን ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዘሩን ለዚህ ሰው ሰጥታው በመስኩ ላይ ዘርቶት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እንደነገሩ ሆነ። በሁለተኛው ክረምት፣ ምትኬ በተወለደችበት ማለት ነው፣ መስኩን ሞላው።

የመስቀል ማግስት ሴትዮዋ ወንዙን ተሻግራ መጣችና መስኩ ዳር ቆመች። አንድ ዘንግ ቀጠፈች።

«ወንድም ዓለም፣ ደርሷል» አለችው።

«ምኑ ነው የደረሰው? ገና ጉልበቴን እንኳ በቅጡ አላለፈ።»

«ቁመቱን ተወው፤ አበባውን እይ። ከአሥሩ ዘንግ አንዱ አበባ አሳይቷል። ይህን ሳታይ ብታጭደው ሥሩ ይደክምና ለከርሞ አይበረታልህም። አብቦ እስኪጨርስ ብትጠብቀው ደግሞ ታችኛው ቅጠል ይረግፍና ዘንጉ እንጨት ይሆናል። ወተቱ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። ጊዜው ይኼ ሳምንት ነው።»

ይህን ብላ የቀጠፈችውን ዘንግ ጣቷ ላይ እንደ ቀለበት ጠቀለለችው። «እየው፣ ተጠቀለለ። ቀጭ ብሎ የተሰበረብህ ቀን አልፎሃል ማለት ነው።»

«ዝናቡስ? ገና ጠቅልሎ አልወጣም እኮ፣ እኅቴ። ቢበሰብስብኝስ?»

«በትንሽ በትንሹ እያጨድክ ከጣራ ክፈፍ ሥር ቆጥ ሠርተህ አስጣው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

ሰውየው አመሰገናት። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

በዚያ አገር የሣር ሕግ አለ። ሣር ወገብ ሳይደርስ ማጭድ አይነሣም። አባወራው መታጠቂያውን ታጥቆ መስኩ መካከል ይቆማል፤ የሣሩ ጫፍ መታጠቂያውን ከነካ ደቦ ይጠራል፣ ካልነካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቱም አያቱም እንዲሁ ቆመው ለክተዋል። ለአገሩ ሣር ሠርቶላቸዋል፤ ወይም እንደ ሠራላቸው ያምናሉ፤ እኔ አልፈርድም። ድርቆሹ የሚከመረው ደግሞ ከጓሮ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ እንዲያየው ከበራፍ ነው። ሰው በክምሩ ይለካል። ልጁን ሊድር የሚመጣ ሰው የቤቱን ውስጥ ከማየቱ በፊት ክምሩን ያያል። የዚህ ሰው ክምር ደግሞ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ዝቅ ያለ ነበር። ሟቿ ልጁ በተዳረች ጊዜ አማቷ በሠርጉ ላይ ክምሩን አይቶ «ይኼ ድርቆሽ ነው ወይስ የፍየል ማደሪያ?» ብሎ ቀልዶበታል። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሰውየውም አብሮ ሳቀ። ግን አልረሳውም። እንዲህ ያለ ቀልድ እሾህ ነው፤ ከእግር ይወጣል፣ ከልብ አይወጣም።

በማግስቱ ጠዋት ምትኬ ስታለቅስ ሰማና ማጭዱን ስሎ ወጣ። ሴትዮዋ ያለችውን ሊያደርግ ነበር የወጣው፤ ይህንን አልነሣውም። መስኩ ውስጥ ገብቶ ጎንበስ አለ፤ የመጀመሪያውን እፍኝ በግራ እጁ ጨበጠ። በዚህ ጊዜ ሁለት የመንደሩ ሰዎች ከመንገዱ ቆሙ።

«ምን ያለ መስክ ነው እባክህ!» አለ አንዱ። «ይኼ ወገብ ሲደርስ ክምሩ ከደጀ ሰላሙ ዋርካ እኩል ሊቆም ነው።»

«ምነው፣ አሁን ልታጭደው ነው እንዴ?» አለ ሁለተኛው። «ኧረ ተው! ያልደረሰ ሣር ማጨድ ሕፃን ልጅ እንደ መዳር ነው።»

ሰላም ብለው አለፉ። የተናገሩትን እንኳ ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ሳይረሱት አይቀሩም። ሰውየው ግን የጨበጠውን እፍኝ ለቀቀው። ቀና አለ። መስኩን ከዳር እስከ ዳር አየውና ክምሩ በራፉ ላይ ቆሞ ታየው። ማጭዱን ይዞ ተመለሰና ከጣራው ክዳን ውስጥ ሰካው።

እንዳላማው፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምነግርህ ሁሉ ማጭዱ ወደ ክዳኑ ከተመለሰበት ጠዋት የመጣ ነው።

«ምነው ተመለስክ?» አለችው ሚስቱ።

«ገና ነው።»

«የማዶዋ ሴትዮ ደርሷል አላለችህም?»

«እሷ የምታውቀው የከተማ ላም ነው። እኔ ልጄን ቀብሬ ለልጄ ልጅ የፍየል ማደሪያ አልከምርም። የምጠብቀው ለምትኬ ስል ነው።»

ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። እኔ በዕድሜዬ ካየሁት ጥፋት አብዛኛው የተሠራው ለሚወዱት ሰው ሲባል ነው፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

ጥቅምት ገባ። መስኩ ዳር እስከ ዳር ወይን ጠጅ አበባ ለበሰ፤ ንቡ ከሌላ ቀበሌ ሳይቀር መጣ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያደንቃል። ሰውየው ማለዳ ማለዳ መታጠቂያውን አጥብቆ መስኩ መካከል ይቆማል፤ ጫፉ እስከ ታፋው፣ ከዚያ እስከ ዳሌው ደረሰ። በእግሩ ሥር ታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ነበር። እሱ ግን ወደ እግሩ አላየም፤ ዓይኑ መታጠቂያው ላይ ነበር።

ኅዳር ሲገባ አበባው መታጠቂያውን ነካ። ያን ቀን ደቦ ተጠራ፤ ሃያ ሰው መጣ፤ ጠላው ወጣ፤ ዘፈኑ ወንዙን ተሻገረ። ማጭዱ ሲገባበት መስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ድምፁ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቁትና በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንሽ እየወረወሩ ከመሩት። በተወረወረ ቁጥር የቀረው ቅጠል እየተፈረፈረ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከፊሉን ነፋስ ወሰደው።

የማዶዋ ሴትዮ መጥረጊያና እንቅብ ይዛ መጣች። ከክምሩ ሥር ጎንበስ ብላ የረገፈውን ቅጠል ትጠርግ ጀመር። ደቦኞቹ ሳቁባት።

«እቴ፣ ደግሞ ጉድፍ ትሰበስቢያለሽ?» አላት አንዱ።

«ወተቱን እየለቀምኩ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

እንቅቡ ሲሞላ ወስዳ ለሰውየው ሚስት ሰጠቻትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። የሷ ክምር በቤቷ ክፈፍ ሥር ነበር፤ ከመንገድ አይታይም፤ ዝቅ ያለና አረንጓዴ ነው። ስለሱ የተናገረ ሰው የለም።

የሰውየው ክምር ግን በራፉ ላይ ቆመ። በዚያ መንደር ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ክምር አልታየም። ሰዎቹ ሲበተኑ እሱ መንገድ ላይ ወጥቶ ከሩቅ አየው። «ምነው ልጄ ባየችው» ብሎ ብቻውን አለቀሰ። አማቷም ሰምቶ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ በዚህም ትንሽ ደስ አለው።

እስከ ጥምቀት ድረስ ዳልቼ የማሳውን ቃርሚያና የወንዙን ዳር ሣር ስትግጥ ቆየች። ከጥምቀት በኋላ ምድሩ ደረቀና ወደ ክምሩ መጣች። በመጀመሪያው ቀን በላች። በሦስተኛው ቀን መምረጥ ጀመረች፤ በምላሷ እየፈለገች የተረፈችውን ቅጠል ትስባለች፣ ዘንጉን ትተወዋለች። ሲርባት ግን ዘንጉንም በላችው። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ የዳሌዋ አጥንት ደግሞ ወጣ።

«ሆዷን አታይም? ጠግባለች እኮ» ይላል ሰውየው።

«አጥንቷን አይቼ ነው የምናገረው» ትላለች ሚስቱ።

ቅሉ መጀመሪያ ከአንገቱ ወረደ፤ ከዚያ ግማሽ ሆነ። አንድ ቀን ሚስትየው ከጓዳ የተቀመጠውን እንቅብ አስታወሰች። የረገፈውን ቅጠል በውኃ እያራሰች ለዳልቼ ጠዋትና ማታ ሰጠቻት። በአራተኛው ቀን ቅሉ ከፍ አለ፤ በስምንተኛው እስከ አንገቱ ሞላ።

«አየሽ?» አለ ሰውየው ደስ ብሎት። «ክምሩ ሠራ! ጊዜ ነበር የፈለገው።»

በዘጠነኛው ቀን እንቅቡ ባዶ ሆነ። በሳምንቱ ቅሉ መልሶ ወረደ፤ ከግማሽ በታች፣ ከዚያ ታቹን ብቻ የሚያርስ ሆነ። የካቲት ሲያልቅ ሚስትየው ከጋጣው ወጥታ ቅሉን ዘቅዝቃ አሳየችው። አንዲት ጠብታ ወደቀች።

ምትኬ የስድስት ወር ልጅ ናት። አጥሚት አፍልተው ቢሰጧት ትተፋዋለች። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀንም ሌትም ታለቅስ ነበር። ከዚያ ማልቀሷን ተወች። ያኔ ነው ሁለቱም የፈሩት።

ሰውየው ወጥቶ ወደ ክምሩ ሄደ። ክምሩ ገና ከእሱ ቁመት በላይ ነው። አንድ ዘንግ መዘዘና አፉ ውስጥ ከትቶ አኘከው፤ ከዚያ ተፋው። እንጨት ነው። ሌላ መዘዘና ጣቱ ላይ ሊጠቀልለው ሞከረ፤ ቀጭ አለ። ሦስተኛ መዘዘ፤ ቀጭ። የሴትዮዋ ጣት ትዝ አለው፤ እንቅቡም ትዝ አለው፤ ቅሉ ለስምንት ቀን በምን እንደ ሞላ ያን ጊዜ ገባው። ክምሩን ተደግፎ ቆመ። ለመደገፊያ ጥሩ ነበር፤ ትልቅ ነው።

ቤት ሳይመለስ ወንዙን ተሻገረ። ሴትዮዋ ላሟን እያለበች አገኛት።

«እኅቴ» አለና የተሰበረውን ዘንግ አሳያት።

እሷም ነግሬህ አልነበረም ወይ አላለችውም። እሱ ይህንን ቃል እየጠበቀ ቆሞ ነበር፤ ብትለው ይቀለው ነበር ብዬ አስባለሁ። የታለበውን ወተት ከነቅሉ ሰጠችው።

«ይኼንን አሁኑኑ ለልጅቱ አድርስላት። ስትመለስ ድርቆሽ ትወስዳለህ፤ ከኔ ላይ ግማሹን ውሰድ። ግን ወንድም ዓለም፣ ልዋሽህ አልችልም፤ ዳልቼ ነጥፋለች።»

«ከበላች ትመለሳለች።»

«አጥንቷ ይመለሳል፤ ጠጉሯም ይመለሳል። ወተቷ ግን እስክትወልድ አይመለስም።»

እሱ አላመነም። አረንጓዴውን ድርቆሽ ተሸክሞ በገዛ እጁ እያጎረሰ አበላት። ዳልቼ በላች፤ በወሩ ገላዋ አብረቀረቀ። ሚስትየው ጠዋት ጠዋት ጡቷን እየዳሰሰች ትመለሳለች። ወተት አልመጣም።

ምትኬ አልሞተችም። እንዳትሰጋ ብዬ አስቀድሜ ልንገርህ፤ አልሞተችም። የማዶዋ ሴትዮ ወተት እየሰጠቻት ነፍስ ዘራች። መጀመሪያ ሚስትየው ጠዋትና ማታ ወተቱን እያመላለሰች አጠጣቻት። የመጋቢት ሙቀት ሲበረታ ወተቱ መንገድ ላይ ይበላሽ ጀመር፤ ስለዚህ ልጅቷ ማዶ መዋል ጀመረች። ከዚያ ማደር ጀመረች። ከዚያ ክረምቱ ገባና ወንዙ ሞላ፤ ሦስት ወር ሙሉ አያቶቿ ከወንዙ ወዲህ ቆመው ጭስ የሚወጣበትን ቤት ብቻ ያዩ ነበር።

ለመስቀል ወንዙ ሲጎድል ሰውየው ተሻገረ። ምትኬ መራመድ ጀምራለች። ሲያያት እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ዞራ ሮጠችና የሴትዮዋን ቀሚስ ይዛ ፊቷን ደበቀች። «እማ» አለቻት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። «የእናንተ ናት፤ ውሰዳት» አለችው። «እኔ ያቆየሁላችሁ ነው እንጂ ልወስድባችሁ አይደለም።»

አነሣት። ልጅቷ እሪ አለች፤ ሁለት እጇን ወደ ሴትዮዋ ዘርግታ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። ሰውየው እስከ ወንዙ ዳር ተሸክሟት ሄደ። እዚያ ቆመ። ልጅቷ በእቅፉ ውስጥ እንግዳ ሰው እንደ ያዘው ልጅ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም ለእሷ እንግዳ ሰው ነው። ተመለሰና በሴትዮዋ ክንድ ላይ አስቀመጣት።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌ የጠራው እሱ ራሱ ነው። ልጅቷ በአገሩ ሕግ መሠረት የሴትዮዋ የጡት ልጅ ሆነች። ሽማግሌዎቹ የምትናገረው አለህ ወይ ብለው ጠየቁት። «ምትኬ ብዬ ስም ሳወጣላት ለእኔ ነበር» አለ።

በዚያ ዓመት የመጀመሪያዋ አበባ በታየች ሳምንት ማጭዱን ከክዳኑ አውጥቶ አጨደ። ደቦ አልጠራም፤ በመታጠቂያውም አልለካም። ድርቆሹን ከክፈፍ ሥር አስጥቶ አደረቀው፤ ክምሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ የፍየል ማደሪያ ያክል። ዳልቼ ወለደች፤ ቅሉ እስከ አንገቱ ሞላ፤ እስከ በጋው መጨረሻም አልጎደለም። ከዚያ ቤት የሚጠጣው ልጅ ግን አልነበረም።

የዱሮው ክምር ግማሹ ጠቁሮ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። የሚያልፍ መንገደኛ አሁንም ያደንቀዋል። «እንዲህ ያለ ክምር ካለበት ቤት ችግር አይገባም» ሲሉ ከውስጥ ተቀምጦ ይሰማቸዋል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ እንዳላማው። አትቁነጥነጥ።

አንተና ወንድምህ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣላችሁ። በተጣላችሁበት ሳምንት ሂድና ታረቅ አላልኩህም፤ ያን ጊዜ ደማችሁ ትኩስ ነበር፣ ሥሩንም ታደክሙት ነበር። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። አሁን ግን ስምንተኛ ወራችሁ ነው። አንተ ሙክት አልክ፣ ሽማግሌ አልክ፣ የንስሐ አባት ይጠራ አልክ፣ አገር ይየን አልክ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይህ ሁሉ ዘንግ ነው። በጠበቅህ ቁጥር ይረዝማል። አንድ ቀን መታጠቂያህን ይነካልህና ደቦ ትጠራለህ፤ ሰውም ሲያይህ «ምን ያለ ዕርቅ ነው!» ይላል። ወንድምህ ግን ያንን በልቶ አይጠግብም። ወንድም የሚበላው ቅጠሉን ነው፤ ቅጠሉም ሰው ሳያይ የሚነገር አንድ ቃል ነው። እሱ ደግሞ ከሥር እየረገፈ ነው፤ አንተ ግን ወደ እግርህ አታይም። ልብም እንደ ዳልቼ ነው፤ ይነጥፋል። ከነጠፈ በኋላ አሥር ሙክት ብታርድለት ሥጋውን ይበላልህ ይሆናል እንጂ ወንድምነቱ አይመለስልህም።

መቼ ነው ብለህ ጠየቅከኝ። ልንገርህ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወንድምህ ወደ እኔ ቀረብ አለ። ስለ ውኃው አላነሣም፤ ስላንተም አላነሣም። ወደ መሬት እያየ፣ «የእሱ ቀዩ በሬ እግሩ ዳነለት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ዳነ ባውቅም አላውቅም አልኩት፤ መልሱን ካንተ እንዲሰማው ብዬ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ አበባ ናት። ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ አንተ ደግሞ እዚህ ተቀምጠህ ስለ ሙክት ታወራኛለህ።

ተነሣ። ሙክቱን ተወው፣ ሽማግሌውንም ተወው፤ እኔም አልከተልህም። ባዶ እጅህን ሂድና በሩ ላይ ቆመህ «በሬው ድኗል» በለው።